የ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲና መስማት የተሳነው ልጅ ቋንቋ

የትምህርት ታሪክ ሲጻፍ ብዙውን ጊዜ የሚቆጠረው የተከፈተው ትምህርት ቤትና የተመዘገበው ተማሪ ነው። የዚህ አጭር ጽሑፍ ጥያቄ ግን ሌላ ነው፤ ይኸውም ልጁ ከክፍል ከገባ በኋላ በምን ቋንቋ ተማረ? የሚል ነው። ጥያቄውን የምንመረምረው በ1986 ዓ.ም. የወጣውን የኢትዮጵያን የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ይዘን ነው።

አስቀድሞ በአዲስ አበባ መስማት ለተሳናቸው ልጆች የትምህርትን በር ከከፈቱት መካከል በ1950ዎቹ ዓ.ም. ትምህርት ቤት ያቋቋሙ ሚስዮናውያን ይገኛሉ። ሆኖም ትምህርት ቤቶቹ ጥቂቶች ስለ ነበሩ የብዙው ልጅ ዕጣ ከቤት መቅረት ነበር።

የ1986ቱ ፖሊሲ ይህን ለማረም አሰበ። ከዓላማዎቹ አንዱ አካል ጉዳተኞችና ልዩ ተሰጥዎ ያላቸው ልጆች እንደ ችሎታቸውና እንደ ፍላጎታቸው እንዲማሩ ማድረግ ነበር። የልዩ ትምህርት መምህራን ሥልጠናም በመደበኛው የመምህራን ሥልጠና ውስጥ እንዲሰጥ ወሰነ። ይኸው ፖሊሲ ልጅ በአፍ መፍቻው ቢማር ይበልጥ እንደሚጠቀም አምኖ፣ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በብሔረሰቦች ቋንቋ እንዲሰጥ ደነገገ። ነገር ግን ስለ ቋንቋ የሚናገረው ክፍል የምልክት ቋንቋን አላነሣም። አንዱ አንቀጽ መስማት የተሳነውን ልጅ ወደ ትምህርት ሲጠራው ሌላው ቋንቋውን ረሳው።

ጉድለቱ የዘመኑ ዕውቀት ጉድለት ነበር ለማለት ያዳግታል። ፖሊሲው በወጣ በጥቂት ወራት ውስጥ፣ በሰኔ 1986 ዓ.ም.፣ የ92 መንግሥታት መልእክተኞች በስፔን አገር በሳላማንካ ተሰብስበው ልጆች ሁሉ በመደበኛ ትምህርት ቤት አብረው እንዲማሩ የሚጠይቅ መግለጫ አጸደቁ። ከመግለጫው ጋር የወጣው የሥራ መመሪያ ግን የምልክት ቋንቋ ሊታወቅ እንደሚገባው ገልጾ፣ መስማት ለተሳናቸው ልጆች ልዩ ትምህርት ቤት ወይም በመደበኛው ትምህርት ቤት ውስጥ ያለ ልዩ ክፍል ይበልጥ ሊስማማ እንደሚችል አክሏል።

ልጁን ወደ ልዩ ትምህርት ቤት መላክ ከሠፈሩና ከወንድሞቹ መለየት ነው የሚሉ አሉ፤ እውነትም አላቸው። ነገር ግን የመምህሩን ከንፈር ብቻ እየተመለከተ የሚውል ልጅም በጓደኞቹ መካከል ተቀምጦ ተለይቷል።

ከዚያ በኋላ የትምህርት ሚኒስቴር በ1998 ዓ.ም. የልዩ ፍላጎት ትምህርት ስትራቴጂ አወጣ፤ በ2004 ዓ.ም.ም አሻሻለው። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚመለከተውን ዓለም አቀፍ ስምምነት በ2002 ዓ.ም. አጸደቀች። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም በኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ የዲግሪ ትምህርት የጀመረው በ2008 እ.ኤ.አ. ነው። ፖሊሲው ሲወጣ ሰባት ዓመት የሆነው ልጅ በዚያን ጊዜ ሃያ አንድ ዓመት ሞልቶታል፤ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ዕድሜውም አልፏል።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ የምንረዳው፣ አብሮ መማር ማለት በአንድ ጣሪያ ሥር መቀመጥ ብቻ አለመሆኑን ነው። ልጁ የሚረዳውን ቋንቋ የሚያውቅ መምህር አስቀድሞ ካልተዘጋጀ፣ ስሙ በመዝገብ ይገኛል፤ ትምህርቱ ግን አይደርሰውም።