ከርከዴ በመተማ ምሽት

በአዲስ አበባ ትልልቅ ሱፐርማርኬቶች የሻይ መደርደሪያ ላይ ጨረቃና ትራስ የተሳለበት የአበባ ሻይ አይጠፋም። ከመኝታ በፊት የሚጠጣ፣ መንፈስ የሚያረጋጋ፣ ከውጭ የመጣ። ዋጋው ግን የሚያረጋጋ አይደለም። እስቲ ካርቶኑን ገልብጣችሁ በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን አንብቡት። ከካሞሚሉ፣ ከብርቱካን ልጣጩ ጋር ብዙ ጊዜ አንድ ስም ታገኛላችሁ፤ ሂቢስከስ። ውኃውን ደም የሚያስመስለውም፣ ምላስን ቆንጠጥ የሚያደርገውም እሱ ነው። ሂቢስከስ ደግሞ ሌላ ባዕድ ነገር አይደለም፤ የመተማ ሰው ከርከዴ የሚለው ነው። ጀርመን ከርከዴን በብዛት ከሚገዙት አገሮች ግንባር ቀደሟ ናት። በጥራት ስሙ የሚነሣው ደግሞ የሱዳኑ ነው። እንግዲህ ከኮርዶፋን ተነሥቶ፣ ፖርት ሱዳን ላይ መርከብ ተሳፍሮ፣ አውሮፓ ተፈጭቶና በከረጢት ታሽጎ ቦሌ ላይ የሚሸጥልን ነገር፣ በአቋራጩ መንገድ በጆንያ ተጭኖ መተማ ይገባ የነበረው ራሱ ነው።

መተማ ሲባል ግን ማን ከርከዴ ትዝ ይለዋል? በትምህርት ቤት የምናውቃት መተማ የአንድ ቀን ከተማ ናት። መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ከደርቡሽ ጋር ሲዋጉ ወደቁ፤ አንገታቸው ተቆርጦ ኦምዱርማን ተወሰደ። አለቀ። ከተማዋም ስማቸውን ይዛ መተማ ዮሐንስ ተባለች። ያ ቀን ቀላል ቀን ነው የሚል የለም። ይሁንና ከዚያ ቀን ወዲህ ብቻ ቢቆጠር መተማ ላይ ሃምሳ ሺህ ጊዜ ያህል መሽቷል። በነዚያ ሃምሳ ሺህ ምሽቶች ሰው ምን ይጠጣ ነበር? ከማን ጋር ተቀምጦ? የታሪክ መጻሕፍታችን ይህን አይጠይቁም። የጠረፍ ከተማ ታሪክ በጦርነት ቀን ብቻ ሲጻፍ፣ ማዶ ያለው ጎረቤት ጠላት ብቻ ሆኖ ይቀራል። ከርከዴውን ያነሣሁት ለዚህ ነው።

ደገኛ አንባቢ የቆላን ምሽት ትርጉም ላይረዳው ይችላል። እኛ ሲመሽ በር ዘግተን፣ ጋቢ ደርበን ወደ ውስጥ እንሰበሰባለን። መተማ ተቃራኒው ነው። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ ቆርቆሮ ጣራ ሥር መቀመጥ እንደ መቀቀል ነው። ሰው ቀኑን ተደብቆ ይውላል። ፀሐይ ወደ ገላባት ማዶ ዘቅዘቅ ስትል ኑሮ ይጀመራል። ግቢው ውኃ ይርከፈከፍበታል። በገመድ የተጠለፈው የሱዳን አልጋ ደጅ ይወጣል፤ ከሰሉ ይያያዛል። ሽማግሌው ጋደም ይላል፣ ልጆቹ እግሩ ሥር ይኮለኮላሉ፣ ጎረቤት ጎራ ይላል። ከርከዴው ታዲያ በሁለት መልክ ይመጣል። አንዱ ከቅርንፉድ ወይም ከዝንጅብል ጋር ፈልቶ በትንንሽ ብርጭቆ የሚቀዳው ትኩሱ ነው። ሌላው ከጠዋት ጀምሮ በቀዝቃዛ ውኃ ተዘፍዝፎ፣ ተጠልሎ፣ ስኳር ጠገብ የሚለው ነው። የቆላ ሰው ስኳር አይሰስትም፤ ኮምጣጣነቱም ስኳሩን ይሸከማል።

አበባ እንለዋለን እንጂ የሚጠጣው አበባው አይደለም። አበባው ገርጣ ያለ፣ መሐሉ የጠቆረ፣ ቶሎ የሚረግፍ ነው። ከረገፈ በኋላ ፍሬውን እንደ መዳፍ ጨብጦ የሚቀረው፣ ሥጋው ወፍሮ ደም የሚለብሰው ሽፋን ነው በእጅ ተለቅሞ የሚደርቀው። ከባሚያና ከጥጥ ጋር አንድ ቤተ ዘመድ ነው።

የተክሉ የትውልድ አገር አፍሪካ ነው። ከሴኔጋል እስከ ሱዳን በተዘረጋው የሳህል መቀነት ሁሉ ይበላል፣ ይጠጣል። ሴኔጋሎች ቢሳፕ፣ ናይጄሪያዎች ዞቦ ይሉታል። በባርነት የተጋዙ አፍሪካውያን አትላንቲክን አሻግረውት ዛሬ በጃማይካ የገና መጠጥ ነው፤ ሜክሲኮም ውስጥ ‹የጃማይካ ውኃ› ተብሎ በየምግብ ቤቱ ይቀዳል። ይህን መቀነት በካርታ ላይ ብትከተሉት አንድ ሌላ መንገድ ላይ ትወድቃላችሁ፤ የምዕራብ አፍሪካ ሙስሊሞች ወደ መካ የሚጓዙበት የሐጅ መንገድ ላይ። መንገዱ በዳርፉርና በኮርዶፋን አልፎ ወደ ቀይ ባሕር ይወርዳል። ከተጓዦቹ መካከል በየመንገዱ የቀሩ ብዙ ናቸው። ተክሩሪ የሚባሉት ሰዎች መተማና ገላባት ላይ መንደር መሥርተው፣ ጥጥና ማሽላ አርሰው፣ ገበያውን ይዘው የኖሩት እንዲህ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ለኢትዮጵያም ለግብፅም ግብር ይከፍሉ ነበር። ለሁለት ጌታ መገበር ለሌላው ውርደት ይመስል ይሆናል። ለእነሱ ግን ገበያው እንዳይዘጋ የሚከፈል ዋጋ ነበር፤ ብልሃትም ነበር።

ገበያው ደግሞ የዋዛ አልነበረም። እንግሊዛዊው ሳሙኤል ቤከር በ1862 እ.ኤ.አ. አይቶታል። ከጎንደርና ከጎጃም የሚወርደው ነጋዴ ቡና፣ ሰም፣ ቆዳ ይዞ ይመጣል፤ መደበቅ አይገባንምና ባሪያም ይሸጥ ነበር። እዚህ ላይ አንድ የሚያስቅ ነገር አለ። በዚያ ዘመን በሰሜን የነበረው ክርስቲያን አብዛኛው ቡና አይጠጣም ነበር። ቡና የእስላም መጠጥ ነው ተብሎ የተወገዘ ነው። በክርስቲያኑ ዘንድ በሰፊው የተለመደው በዐፄ ምኒልክ ዘመን ነው። እናላችሁ፣ የእኛ ሰው ራሱ የማይቀምሰውን ቡና በአጋሰስ ጭኖ፣ ቁልቁለቱን ወርዶ፣ ለማዶ ሰው ይሸጥ ነበር። ያ ቡና ሱዳን ገብቶ እስከ ዛሬ ‹ጀበና› ይባላል። እነሱ ጀበና ሲሉ ማፍያውን ብቻ ሳይሆን መጠጡንም ጭምር ነው። ቡና ከምሥራቅ ወረደ፤ ከርከዴ ከምዕራብ ወጣ። ሁለቱ የተላለፉት መተማ ላይ ነው።

ከዚያ የጦርነቱ ዓመታት መጡ። በጥር 1880 ዓ.ም. የሐምዳን አቡ አንጃ ጦር ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ሣር ውኃ ላይ ድል አድርጎ ጎንደርን አቃጠለ። ብዙ ሰው የማያስታውሰው ከዚያ በኋላ የሆነውን ነው። ዐፄ ዮሐንስ ለአቡ አንጃ የሰላም ደብዳቤ ላኩ። የሁለቱ ወገን ድሃ በከንቱ እንደሚያልቅ፣ የጋራው ጠላት ከባሕር ማዶ የመጣው አውሮፓዊ እንደሆነ፣ ነጋዴው እንደ ቀድሞው ተመላልሶ ቢገበያይ እንደሚበጅ የሚያስረዳ ደብዳቤ ነው። የመጣላቸው መልስ ስድብ ነበር። በሚቀጥለው መጋቢት ንጉሡ መተማ ላይ ወደቁ። መሞታቸውን የሚያውቅ ተማሪ ሞልቷል፤ ከመሞታቸው በፊት ስለ ገበያና ስለ ጉርብትና መጻፋቸውን የሚያውቅ ግን ስንቱ ነው? ብዙ ዓመት ሥነ ጽሑፍ አስተምሬያለሁ። ከንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ጽሑፎች አንድ ብቻ ምረጥ ብባል ያንን ደብዳቤ እመርጥ ነበር።

ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ውል መሠረት መስመር ተሰመረና አንዱ አካባቢ ሁለት ሆነ። ከጅረቱ ወዲህ መተማ፣ ከጅረቱ ወዲያ ገላባት። ድልድይ ላይ ቆሞ ማዶ ያለውን ሰው በስሙ መጥራት ይቻላል። በጥቅምት 1933 ዓ.ም. መጨረሻ እንግሊዝና ጣሊያን በዚህች ድልድይ ግራና ቀኝ በመድፍ ሲደባደቡ ገላባት አመድ ሆናለች። ጦሩ ሲሄድ ገበያው ተመለሰ።

ጣሊያንን ካነሣን ከርከዴ በእኛው ታሪክ ውስጥ የገባበትን ሌላ ቀዳዳ ሳልነግራችሁ አላልፍም። በኅዳር 1928 ዓ.ም. የመንግሥታቱ ማኅበር ኢትዮጵያን በመውረሯ ጣሊያን ላይ ማዕቀብ ጣለ። ሙሶሊኒ የእንግሊዝን ነገር ሁሉ አትንኩ አለ፤ ሻይም የእንግሊዝ ነው ተባለ። ታዲያ ምን ይጠጣ? ከኤርትራ ቅኝ ግዛት ከርከዴ ተጫነ። ‹የጣሊያኖች ሻይ› የሚል ስም ወጥቶለት በየጋዜጣው ተወደሰ። የሮማና የሚላኖ ወይዛዝርት ለእኛ ወረራ በተጣለ ቅጣት ምክንያት በየምሽቱ የእኛን ሠፈር መጠጥ ይጠጡ ነበር ማለት ነው። ዛሬም ጣሊያንኛው ‹ካርካዴ› ነው። ያው የእኛው ስም ነው፤ ጠፍ ያለ ነገር የለውም። ማዕቀቡ በስምንተኛው ወር ተነሣ፤ ቃሉ ግን ቀረ።

የመተማ ምሽት ሁልጊዜ እንዲህ የረጋ ነበር ብል ውሸት ነው። በ1975 ዓ.ም. መገባደጃ የሱዳኑ ጃዕፈር ኒሜይሪ የሸሪዓ ሕግ አውጆ ውስኪውን ናይል ውስጥ ደፋው። ከዚያ በኋላ መተማ የማዶ ሰው ቢራ የሚጠጣባት ከተማ ሆነች። መጠጥ ቤቱ፣ የቆንጆ ገበያው፣ የበሽታው ወሬ፣ ሁሉም ከዚያ ጋር መጣ። ለሰሊጥ አጨዳ ከደጋ የሚወርደው ወጣትም ደመወዙን እዚያው ጥሎ ይሄዳል። አስቂኙ ነገር፣ አንዱ ጎረቤት ድንበር ተሻግሮ የእኛን ቢራ ሲጠጣ፣ ከመጠጥ ቤቱ ጀርባ ባለው ግቢ የእኛ ሰው የእሱን ከርከዴ ይጠጣል። ስለ መተማ የተጻፈው ወሬ በሙሉ የፊተኛውን ደጅ ነው። የጓሮው ደጅ ላይ ዜና የለም። እስላሙም ክርስቲያኑም አብሮ የሚጠጣው ግን የጓሮውን ነው። በረመዳን ማፍጠሪያ ነው፤ በጾም ቀን የሚያስጾም ነገር የለበትም፤ ልጅም ሽማግሌም አይከለከልም።

‹እውነት ያረጋጋል ወይ?› ለሚለው፣ ከርከዴ ውስጥ ቡናና ሻይ ውስጥ ያለው እንቅልፍ ነሺ ካፌይን የለም። በ2010 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የታተመ ጥናት ደግሞ የደም ግፊታቸው ከፍ ማለት የጀመረ 65 ሰዎችን ወስዶ፣ በቀን ሦስት ስኒ ለስድስት ሳምንት ለጠጡት የላይኛው ግፊት በአማካይ 7 ነጥብ ያህል ወረደላቸው ብሏል። የግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሐኪሙን ሳይጠይቅ እንዳያበዛው። ስለ እንቅልፉ ግን ይህን ያህል ማስረጃ የለም። መንፈስ የሚያረጋጋው ሌላ ነው እላለሁ። ውኃ የተርከፈከፈ መሬት፣ ደጅ የወጣ አልጋ፣ የማይቸኩል ጎረቤት። ይኸ ደግሞ በከረጢት አይታሸግም። ደጅ መቀመጥ ቅድመ ሁኔታ አለውና፤ ማታ ደጅ የተቀመጠ ሰው አለመፍራት አለበት።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ውስጥ ጄኔራሎቹ ተታኮሱ። ከሳምንት በኋላ የመተማ ድልድይ በሰው ተጥለቀለቀ። ወራት ሳይቆጠሩ በዚህኛው ወገንም በአማራ ክልል ጦርነት ተነሣ። ኩመር የስደተኞች ጣቢያ ኮሌራ ገባ። በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. የአውላላ ስደተኞች ዘረፋውንና ጥቃቱን መቋቋም አቅቷቸው ጣቢያውን ለቀው በእግር ወጡና መንገድ ዳር ጫካ ውስጥ ሰፈሩ። ከጎንደር መተማ ያለው መንገድ የእገታ መንገድ ተባለ። በነሐሴ 2016 መጨረሻ ታጣቂዎች ከተማዋን ሲይዙ ሱዳን የገላባትን መተላለፊያ ዘጋች። በማዶ፣ የከርከዴው አገር የኮርዶፋን ዋና ከተማ ኤል ኦቤይድ እስከ የካቲት 2017 ዓ.ም. ድረስ ለሁለት ዓመት ገደማ ተከብባ ነበር። ከርከዴ የሚለቀመው ዝናሙ ካለፈ በኋላ ነው፤ ለቃሚዎቹ ብዙውን ጊዜ ሴቶች ናቸው፤ የሚለቀመውም አንድ በአንድ በእጅ ነው። የተኩስ ድምፅ እየሰሙ እንዴት ይለቀማል?

በ2015ቱ ሚያዝያ በድልድዩ ከገቡት ውስጥ የእኛው ሴቶች ብዙ ነበሩ። ካርቱም ውስጥ በየዛፉ ጥላ፣ በየመሥሪያ ቤቱ ደጃፍ ቡናና ሻይ እየሸጡ ይኖሩ የነበሩ። ማታ ማታ የሱዳን ሰው ከሥራው ወጥቶ በርጩማ ስቦ የሚቀመጠው እነሱ ዘንድ ነበር፤ ፖሊስ ዕቃቸውን ሲቀማቸው፣ ሲመልስላቸው፣ እንደገና ሲቀማቸው ዓመታት ቆጥረዋል። የሻይ ሻጭ ዕቃ ብዙ አይደለም። አንድ የከሰል ምድጃ፣ አንድ ማንቆርቆሪያ፣ አንድ ጀበና፣ ጥቂት ብርጭቆ፣ ሦስት አራት በርጩማ። በትንሽ ጠረጴዛ ላይ የተደረደሩ ጣሳዎች አሉ፤ ስኳር፣ ቀረፋ፣ ቅርንፉድ፣ ዝንጅብል። ቀዩ ጣሳ ውስጥ ያለው ከርከዴ ነው።