ማይኩን ከመግዛትሽ በፊት ጣሪያውን እዪው

ባለፈው ሳምንት ነው። ቀን ቀን ቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ ስፌት የምትሠራ፣ ማታ ማታ እኔ ጋ የምትማር አንዲት ተማሪዬ ከክፍል ስወጣ ጠበቀችኝና "ቲቸር፣ አንድ ነገር ላማክርህ ነበር" አለችኝ። ስልኳን አውጥታ የሁለት ማይክ ፎቶ አሳየችኝ። ዕቁብ ደርሷታል። ዘፈኗን ቀድታ ዩቲዩብ ላይ ልትለቅ ነው። ድምጿን ትምህርት ቤት በዓል ላይ ሰምቼዋለሁ፤ የምር ነው።

አንደኛው ኦዲዮ ቴክኒካ ኤቲ2020 የሚባለው ኮንደንሰር ማይክ ነው። ሁለተኛው ሁላችንም መድረክ ላይ የምናውቀው፣ ጭንቅላቱ ክብ የሆነው ሹር ኤስኤም58። "የቱ ይሻላል?" ነው ጥያቄዋ።

እኔ የታሪክ መምህር እንጂ የድምፅ ባለሙያ አይደለሁም። ግን ከጥቂት ዓመታት በፊት የትምህርት ቅጂ ልሠራ ብዬ የወር ደሞዜን ኮንደንሰር ላይ አውጥቼ፣ የሰማሁት የጎረቤት ሳህን ሲታጠብ ነው! ስለዚህ የመለስኩላት በማውቀው መንገድ ነው፤ በታሪክ። እዚህም ልጻፈው፣ ሌላም የሚጠቀም አይጠፋም።

በሸክላ የተቀዳ የመጀመሪያው የአገራችን ድምፅ የነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ነው። (የእግር ኳሱ ይድነቃቸው ተሰማ አባት ናቸው።) አጤ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1908 ወደ ጀርመን ልከዋቸው፣ በርሊን ላይ ነው የተቀዱት። ልብ በሉ፣ ያኔ ማይክ የሚባል ነገር ለሸክላ ቀረጻ አያገለግልም ነበር። ያለው ትልቅ የቆርቆሮ ጥሩምባ ነው። ዘፋኙ አፉን ወደ ጥሩምባው አስጠግቶ ይጮኻል፤ ድምፁ ጫፉ ላይ ያለችውን ስስ ሽፋን ያንቀጠቅጣል፤ ከእሷ ጋር የተያያዘችው መርፌ ሰም ላይ ትቀርጻለች። ከራቅክ አትሰማም፣ በቃ። ከተሳሳትክ ደግሞ ሰሙ ተበላሸ፣ እንደገና ከሀ። የአንዱ ሸክላ ገጽ ከሦስት እስከ አራት ደቂቃ ብቻ ስለሚይዝ ዘፈኑም በዚያው ልክ መቆረጥ ነበረበት።

በማይክና በኤሌክትሪክ ሸክላ መቅዳት ዓለም ላይ የተስፋፋው ከ1925 ወዲህ ነው። ያኔ ዘፋኝ መጮኹን ትቶ ማንሾካሾክ ቻለ።

ወደ እኛ እንመለስ። በ1969 አምሃ እሸቴ የሚባል የሃያዎቹ ዕድሜ ወጣት አምሃ ሪከርድስን አቋቋመ። ሸክላ የማሳተም መብት በአዋጅ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ ነበር። እሱ ግን ደፈረ። ከዓለማየሁ እሸቴ ጀመረ፤ ሸክላው የሚታተመው ግን ውጭ አገር ነው፣ መጀመሪያ ህንድ፣ በኋላ ሊባኖስ። በ1975 ከአገር እስኪወጣ ድረስ መቶ የሚያህሉ ትንንሽ ሸክላዎችንና ጥቂት ትልልቆችን አወጣ።

እነዚያ ዘፈኖች ሲቀዱ ባንዱና ድምፃዊው ባንድ ላይ ነው የሚጫወቱት። ዛሬ እንደምናደርገው ድምፅን ለብቻ ሃምሳ ጊዜ ደጋግሞ ጥሩ ጥሩውን መቀጠል የለም። ከበሮው ዘፋኙ ማይክ ውስጥ ይገባል፣ የዘፋኙም ድምፅ ትራምፔቱ ጋ ይገባል። ታዲያ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ከ1997 ጀምሮ በኢትዮፒክስ አልበሞች መልሶ ሲያወጣቸው ዓለም ለምን ተደመመ? በማይኩ አይመስለኝም። የምሽት ክበብ ውስጥ በየሌሊቱ ተለማምደው፣ ዘፈኑን በቃላቸው ይዘው ስለገቡ ነው።

አሁን ወደ ልጅቷ ጥያቄ።

ኤስኤም58 በ1966 የወጣ ዳይናሚክ ማይክ ነው። ውስጡ ያለች ጥቅልል ሽቦ ማግኔት መሀል ስትንቀሳቀስ ኤሌክትሪክ ትፈጥራለች፤ የተገለበጠ ስፒከር በሉት። ወድቆም ይሠራል። ኤቲ2020 ደግሞ ስስ፣ ቻርጅ ያለበት ሽፋን ነው የሚጠቀመው። ቀጭኑን ድምፅ፣ ትንፋሹን ሳይቀር አጥርቶ ይይዛል፤ ለመሥራት 48 ቮልት ፋንተም ፓወር ይፈልጋል። ከኮምፒውተር ጋር ለማገናኘት ሁለቱም ኦዲዮ ኢንተርፌስ ይፈልጋሉ። ውጭ አገር ዋጋቸው ተቀራራቢ ነው፣ መቶ ዶላር አካባቢ። ሁለቱም የሚያዳምጡት ከፊት ነው።

ታዲያ ልዩነቱ የት ላይ ነው? በአብዛኛው ርቀቱ ላይ! ኤስኤም58 ከንፈር አስጠግተው ነው የሚዘፍኑበት። ኮንደንሰር ፊት ግን አንድ ስንዝር ያህል ርቀው ይቆማሉ። ከማይክ የምትርቂውን እጥፍ ስታደርጊ ድምፅሽ በ6 ዴሲቤል ይቀንሳል፤ የክፍሉ ማሚቶና የውጩ ጫጫታ ግን ባለበት ነው። ቆርቆሮ ጣሪያ፣ ባዶ ሲሚንቶ ግድግዳ፣ የሺፍት ሰርቪስ አውቶቡስ፣ ቦሌ ለማረፍ የሚያንዣብብ አውሮፕላን... ኮንደንሰሩ ይሄን ሁሉ አጥርቶ ያቀርብልሻል። ዳይናሚክ ማለት የደሃ ማይክ ማለትም አይደለም፤ የማይክል ጃክሰን "ትሪለር" (1982) ድምፅ በአብዛኛው የተቀዳው በሹር ኤስኤም7 ዳይናሚክ ነው።

እናም እንዲህ አልኳት፦ ገንዘቡን አታውጪ፣ መጀመሪያ በስልክሽ ሞክሪ። አንዴ ክፍልሽ መሀል ቆመሽ፣ አንዴ ደግሞ ፍራሹን ግድግዳው ላይ አቁመሽ፣ ከላይ ብርድ ልብስና ጋቢ ወጥረሽ ዝፈኚ። ከዚያ አወዳድሪው።

እሁድ ሁለቱንም ላከችልኝ። የመጀመሪያው ላይ ቆርቆሮው ይዘፍናል። ሁለተኛው ላይ እሷ ብቻ ናት። ጥቅሱን ስታዞር ትንሽ ትንፋሽ አጥሯታል፤ እሱን ግን የትኛውም ማይክ አያስተካክለውም፣ ልምምድ ነው።

አሁን ያገለገለ ኤስኤም58 እየፈለግን ነው፤ ከዕቁቡ የሚተርፈው ለኢንተርፌስና ለሚክሲንግ ይሆናል። ተመሳስሎ የተሠራ ብዙ ስለሆነ ኦሪጅናሉን ለይታችሁ የምታውቁ፣ ወይም የምትሸጡ ካላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ዋጋ ግን እባካችሁ ራሩ፤ የሌሊት ሺፍት ገንዘብ ነው።