ጣሪያው የሚቀድምበት ቤት፦ ላሊበላ ለጌም ሠሪዎች ምን ያስተምራል?

በ2012 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2020) “ሲቪላይዜሽን 6” የተባለው የኮምፒዩተር ጌም ኢትዮጵያን ጨመረ። መሪዋ ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ናቸው፤ ለእሷ ብቻ የተሰጠው ግንባታ ደግሞ ከአለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን ነው። ተጫዋቹ ቦታ መርጦ አንዴ ጠቅ ሲያደርግ፣ በቃ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ተሠርቶ አለቀ።

ደስ ይላል። ግን ከሁሉም አጓጊው ጥያቄ ተዘለለ፦ እንዴት ተሠራ? ከባድ የእንቆቅልሽ ጌም መሥራት የምትፈልጉ ከሆነ ሀብቱ ያለው እዚህ ጥያቄ ውስጥ ነው።

መመለስ የለም

ሌላ ቤት ሲሠራ መሠረቱ ይቀድማል፣ ጣሪያው ይከተላል። ላሊበላ ላይ ተገላቢጦሽ ነው። ቤተ ጊዮርጊስን እንውሰድ። ሠራተኞቹ ከአለቱ አናት ተነሥተው ዙሪያውን እየቆፈሩ 12 ሜትር ያህል ወረዱ። መሐል የቀረውን ቋጥኝ ከውጭ ቀረጹት፣ ከውስጥ ፈለፈሉት።

እስቲ ይህን እንደ ጌም ደንብ አስቡት። ግንበኛ የተበላሸ ድንጋይ አንሥቶ ሌላ ይተካል። እዚህ ግን በስሕተት የተቆረጠ ዓምድ አይመለስም፤ ስለዚህ መስኮቱም ዓምዱም ገና አለት ሳለ መታሰብ አለበት። የወጣው ድንጋይና አፈርስ የት ይደፋል? ዛሬ የደፋችሁበት ቦታ ነገ መቆፈር የምትፈልጉት ቢሆንስ? ደግሞ ክረምት አለ፤ ውኃ መውረጃ ያልተቆረጠለት ግቢ ኩሬ ይሆናል። ላሊበላ ላይ ቦዮቹ የሥራው አካል የሆኑት ለዚህ ነው።

ልብ በሉ፣ እዚህ ጠላት አልበዛም፣ ሰዓትም አላጠረም። ጌሙን ያከበደው አንዱ ውሳኔ ሌላውን ማሰሩ ነው።

አየር ላይ የቀረ በር

ሁለተኛው እንቆቅልሽ የታሪክ ተመራማሪዎች ነው፦ የትኛው ቀድሞ ተፈለፈለ? በሌላ ቦታ አዲሱ በአሮጌው ላይ ስለሚደረብ አርኪዮሎጂስት ንብርብሩን ያነባል። ላሊበላ ግን የተሠራው በመቀነስ ነው፤ አዲሱ ሥራ የአሮጌውን ማስረጃ ቆርጦ ይጥለዋል።

እ.ኤ.አ. በ2010 ፍራንሷ-ዣቪዬ ፎቬልና ባልደረቦቹ “አንቲኪቲ” በተባለው መጽሔት ላይ አንድ መንገድ አሳዩ። አለቱ ላይ የቀሩትን የቁፋሮ ደረጃዎች በቅደም ተከተል ማንበብ ይቻላል። አንድ በር ዛሬ ከወለሉ በላይ ተንጠልጥሎ ከታየ፣ የተቆረጠው ወለሉ ገና ከፍ ብሎ ሳለ ነው ማለት ነው፤ ግቢው ኋላ ወርዷል። ቤተ ገብርኤል ወሩፋኤል ዛሬ የሚገባው በጥልቅ ቦይ ላይ በተዘረጋ ድልድይ ነው። ዴቪድ ፊሊፕሰን የተባሉት አርኪዮሎጂስት ይህ ሕንፃና ቤተ መርቆሬዎስ ሲጀመሩ ቤተ ክርስቲያን እንዳልነበሩ፣ ከንጉሥ ላሊበላ ዘመንም እንደሚቀድሙ ይሟገታሉ። የ11ዱ አብያተ ክርስቲያናት ቅደም ተከተል እስካሁን ያከራክራል።

ጌማችሁ ውስጥም እንዲሁ አድርጉ። ምስጢሩን የሚናገር ደብተር ሣጥን ውስጥ አትደብቁ። ማስረጃው ሁሉ ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ ግድግዳው ላይ ይታይ፤ የሚለወጠው የተጫዋቹ ዓይን ይሁን።

ከባድ ይሁን፣ ግን አያጭበርብር

ይህ ደንብ ለአካባቢው አዲስ አይደለም። እዚያው ሰሜን ወሎ ያለው ዋድላ በቅኔ ቤቱ የታወቀ ነው። ቅኔ ይከብዳል፣ ግን አያታልልም፤ ወርቁ የሚወጣው ከሰሙ ነው፣ ከሌላ ቦታ አይመጣም።

በታሪክ ግን አጭበርባሪ መልስ ሞልቷል። አንዳንድ የውጭ ጸሐፊዎች ላሊበላን ሲሠሩ ቴምፕላር የተባሉ የአውሮፓ ፈረሰኞች ረድተው ይሆናል ብለዋል። ማስረጃ ግን የለም። ቤተ አማኑኤልን ብታዩ ወጣ ገባ ያለው ግድግዳ የአክሱምን የእንጨትና የድንጋይ ግንባታ በአለት የደገመ ነው። መልሱ ዓይናችን ፊት ቆሞ ሳለ ከሩቅ ሌላ ፈቺ ማምጣት የሠሪዎቹን ድካም ለሌላ መስጠት ነው።

መሞከር ከፈለጋችሁ ማይንክራፍት ይበቃል። አንድ ኮረብታ ምረጡ፣ አራት ዓምድ ያለው ክፍል ከላይ ወደ ታች ፈልፍሉ። ደንቡ አንድ ነው፦ ያነሣችሁት ብሎክ አይመለስም። ስትጨርሱ ለጓደኛችሁ አሳዩትና ከየት እንደጀመራችሁ ግድግዳውን አይቶ ይንገራችሁ። ካወቀ፣ ጥሩ እንቆቅልሽ ሠርታችኋል።