ቆቃ ሐይቅ

ቆቃ ሐይቅ በኢትዮጵያ፣ በኦሮሚያ ክልል ምሥራቅ ሸዋ ዞን የሚገኝ ሰው ሠራሽ ሐይቅ ነው። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምሥራቅ 100 ኪ.ሜ. ገደማ ይርቃል። ስፋቱ እንደ ወቅቱ ቢለያይም 180 ካሬ ኪ.ሜ. ያህል ይደርሳል። ዋና ገባሮቹ የአዋሽና የሞጆ ወንዞች ናቸው።

አመሠራረት

ሐይቁ የተፈጠረው በአዋሽ ወንዝ ላይ የቆቃ ግድብ በመሠራቱ ነው። ግድቡ ጣሊያን ለኢትዮጵያ በከፈለችው የጦር ካሣ ተገንብቶ በ1960 እ.ኤ.አ. ሥራ ጀመረ። 43 ሜጋ ዋት ገደማ ኃይል ያመነጫል። የክረምቱን ውኃ ይዞ በበጋ ስለሚለቅ ከሥሩ ያሉት የአዋሽ 2ና 3 ማመንጫዎች፣ የወንጂና የመተሐራ የሸንኮራ አገዳ እርሻዎች ይጠቀሙበታል።

ዓሣና አዕዋፍ

በሐይቁ ቆሮሶ፣ አምባዛና ካርፕ ይሠገራሉ። አሥጋሪዎች በጀልባና በመረብ የሚያወጡት ዓሣ በአካባቢው ከተሞችና በአዲስ አበባ ይሸጣል። ሐይቁ ለጉማሬዎች መኖሪያ፣ ከሌላ አገር ለሚፈልሱ የውኃ አዕዋፍም ማረፊያ ነው። በዚህም ምክንያት ግድቡና አካባቢው ለአዕዋፍ ጠቃሚ ከሆኑ የኢትዮጵያ ቦታዎች አንዱ ሆኖ ተመዝግቧል።

መዝናኛ

ከሞጆ ወደ መቂ የሚወስደው መንገድ በሐይቁ አቅራቢያ ስለሚያልፍ ለመንገደኛ ምቹ ነው። ጎብኚዎች በጀልባ ይዝናናሉ፣ ወፎችንና ጉማሬዎችን ይመለከታሉ። በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የተሠራው የገሊላ ቤተ መንግሥትም በዳርቻው ይገኛል።

ሥጋቶች

ትልቁ ሥጋት ደለል ነው። ከላይኛው አዋሽ ተፋሰስ በጎርፍ የሚታጠበው አፈር ሐይቁ ውስጥ ሲገባ የውኃው ፍጥነት ስለሚቀንስ ወደ ታች ይዘቅጣል። ደለሉ በየዓመቱ በተከማቸ ቁጥር ሐይቁ የሚይዘው ውኃ ያንሳል፤ ለበጋ የሚተርፈው ውኃ ይቀንሳል፣ የክረምት ጎርፍን የመግታት አቅሙም ይዳከማል።

ሁለተኛው እምቦጭ ነው። ይህ መጤ አረም በኢትዮጵያ መኖሩ መጀመሪያ የታወቀው በ1965 እ.ኤ.አ. በቆቃ ሐይቅና በአዋሽ ወንዝ ነው። የውኃውን ገጽ ሸፍኖ ብርሃንና ኦክስጅን ስለሚያሳጣ ዓሣን ይጎዳል፣ የጀልባና የመረብ መንገድንም ይዘጋል። ከፋብሪካና ከእርሻ የሚመጣ ፍሳሽ ደግሞ ለአረሙና ለመርዛማ አልጌ ምግብ ስለሚሆን ሐይቁን ለመጠጥና ለከብት አደገኛ ያደርገዋል።

ጥበቃ

አረሙን ከውኃው መልቀም ጊዜያዊ እፎይታ ይሰጣል። ዘላቂው መፍትሔ ግን ከሐይቁ ውጭ ነው፦ በላይኛው ተፋሰስ እርከን መሥራትና ዛፍ መትከል፣ የሐይቁን ዳርቻ ከእርሻ ነጻ ማድረግ፣ የፋብሪካ ፍሳሽንም ሳይጣራ ወደ ወንዝ እንዳይለቀቅ መከላከል።