ሆት ቸኮሌት በቤት ውስጥ፦ ወፍራሙ አዘገጃጀትና ስኳር ለሚቀንሱ ሰዎች የሚሆነው አማራጭ

ሆት ቸኮሌት ከካካዎ፣ ከወተትና ከማጣፈጫ የሚዘጋጅ ትኩስ መጠጥ ነው። ከማኪያቶና ከሻይ ጎን ለጎን በካፌዎች የሚታወቀው ይህ መጠጥ ልዩ መሣሪያ ሳያስፈልገው በማንኛውም ማድ ቤት ሊዘጋጅ ይችላል። ከአዋሽ ሰባት ኪሎ እስከ ሰመራ ባለው ቆላ ሙቀቱ ቢበረታም ትኩስ መጠጥ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ሻይና ቡና ዓመቱን ሙሉ ይጠጣሉ። ምሽቱ ቀዝቀዝ በሚልባቸው የጥቅምት እስከ ጥር ወራት፣ እንዲሁም በረመዳን ከኢፍጣር በኋላ፣ አንድ ስኒ ሆት ቸኮሌት ለቤተሰብም ለእንግዳም ይስማማል።

ብዙዎች መጠጡ ወፍራምና ባለ ጣዕም የሚሆነው ስኳር ሲበዛበት ይመስላቸዋል። ውፍረቱና ጣዕሙ ግን የሚመነጩት ከካካዎው መጠን፣ ከወተቱ ቅባትና ከአሠራሩ ነው። ይህን መለየት በተለይ የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ላለበት ቤት ጠቃሚ ነው፤ ሕመምተኛው ከቤተሰቡ ተለይቶ እንዳይቀመጥ ያደርጋል።

ካካዎና ስኳር እንዴት ተገናኙ?

ካካዎ የመካከለኛውና የደቡብ አሜሪካ ተክል ነው። የማያና የአዝቴክ ሕዝቦች ካካዎን መራር እንደሆነ፣ አንዳንዴም በርበሬ ጨምረውበት ይጠጡት ነበር፤ የሸንኮራ አገዳ ስኳር የተጨመረበት አውሮፓውያን ከደረሱ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1828 የኔዘርላንዱ የቫን ሃውተን ቤተሰብ የካካዎን ቅባት በመጭመቂያ የሚለይበትን ዘዴ አስመዘገበ፤ ዛሬ በቆርቆሮና በከረጢት የሚሸጠው የካካዎ ዱቄት የተገኘው በዚህ መንገድ ነው። አሁን ከዓለም ካካዎ አብዛኛውን የሚያመርቱት አይቮሪ ኮስትና ጋና ናቸው።

ስኳሩ ግን ለአዋሽ ሸለቆ ቅርብ ነው። ኤች ቪ ኤ የተባለው የኔዘርላንድ ኩባንያ በላይኛው አዋሽ፣ ወንጂ ላይ ያቋቋመው ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ማምረት ጀመረ፤ መተሐራ ተከተለ፤ በአፋር ክልልም የከሰምና የተንዳሆ ፋብሪካዎች ተገንብተዋል። ስኳር ቅርብ መሆኑ ግን በስኒው ውስጥ እንዲበዛ ምክንያት አይሆንም። የዓለም ጤና ድርጅት አንድ ሰው በቀን ከሚያገኘው ኃይል ውስጥ ከተጨመረ ስኳር የሚመጣው ከ10 በመቶ በታች እንዲሆን፣ ቢቻል ከ5 በመቶ እንዳይበልጥ ይመክራል። 5 በመቶው ለአዋቂ ሰው 25 ግራም፣ ማለትም 6 የሻይ ማንኪያ ያህል ነው።

ዱቄቱን መምረጥ

በሱቅ ሁለት የሚመሳሰሉ ዱቄቶች ይገኛሉ። አንደኛው ኮኮዋ እየተባለም የሚጠራው ያልጣፈጠ የካካዎ ዱቄት ነው፤ ጥቁር ቡናማና መራራ ነው። ሁለተኛው በወተት ወይም በውኃ ብቻ እንዲበጠበጥ የተዘጋጀ የቸኮሌት መጠጥ ዱቄት ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ ከካካዎው ይልቅ ስኳሩ ይበዛል። ገዥው የንጥረ ነገሮችን ዝርዝር ማንበብ ይኖርበታል፤ በዝርዝሩ መጀመሪያ የሚጻፈው በመጠን የሚበልጠው ነው። ስኳር ቀድሞ ከተጻፈ ዱቄቱ ለስኳር ሕመምተኛ አይመከርም።

ጥፍጥፍ ቸኮሌትም አሟሙቶ መጠቀም ይቻላል። ይሁንና የካካዎ ቅባት ከ34 እስከ 36 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ስለሚቀልጥ፣ የሰመራ ሙቀት ያለ ማቀዝቀዣ አያቆየውም። በደንብ ተከድኖ እርጥበት በሌለበት ቦታ የሚቀመጥ ዱቄት ለቆላ ይሻላል።

ወተቱ

የላም፣ የፍየልም ሆነ የግመል ወተት ይሆናል። የግመል ወተት እንደ ግመሏ ግጦሽና እንደምትጠጣው ውኃ ጨው ጨው ሊል ስለሚችል ጨው አይጨመርበትም። ቅባቱም እንደ ላም ወተት በቀላሉ ወደ ላይ አይሰፍፍም፤ ስለዚህ መጠጡ ቀጠን ይላል። በጭስ በታጠነ ዕቃ የተቀመጠ ወተት ሽታውን ወደ ቸኮሌቱ ያመጣል፤ ይህን ሽታ የሚወድም አለ።

ጥሬ ወተት ግን የትኛውም ይሁን አስቀድሞ መፍላት አለበት። ከብቶችን፣ ፍየሎችንና ግመሎችን የሚያስወርደው ብሩሴሎሲስ በጥሬ ወተት ወደ ሰው ይተላለፋል፤ የከብት ነቀርሳም እንዲሁ። ቸኮሌቱ ሲሞቅ ወተቱም አብሮ ይሞቃል ብሎ ማፍላቱን መተው ተገቢ አይደለም።

ወፍራም ሆት ቸኮሌት ለ2 ሰው

የሚያስፈልጉ ነገሮች፦
• 500 ሚሊ ሊትር የፈላ ወተት
• 3 የሾርባ ማንኪያ ያልጣፈጠ የካካዎ ዱቄት
• 2 የሾርባ ማንኪያ ስኳር
• አንድ ቁንጥር ጨው (ለግመል ወተት አያስፈልግም)
• ጥቂት የተፈጨ ቀረፋ ወይም ኮረሪማ

አሠራሩ፦
1. ካካዎው፣ ስኳሩና ጨው በደረቁ በድስት ውስጥ ይደባለቃሉ።
2. 4 የሾርባ ማንኪያ ሙቅ ውኃ ተጨምሮ ለስላሳ ሊጥ እስኪመስል ይታሻል። ዱቄቱ በብዙ ወተት ላይ በአንድ ጊዜ ከተነሰነሰ ይጓጉላል፤ ይህ ደረጃ ጉጉሉን ይከላከላል።
3. ሊጡ በአነስተኛ እሳት ላይ 1 ደቂቃ ያህል እየተማሰለ ይሞቃል።
4. ወተቱ በጥቂት በጥቂቱ ይጨመራል፤ እንዳያርና እንዳይገነፍል እየተማሰለ 5 ደቂቃ ይቆያል።
5. ቀረፋው ወይም ኮረሪማው ተጨምሮ ይወርዳል፤ አረፋ እስኪይዝ በሹካ ተመትቶ ይቀርባል።

ይበልጥ እንዲወፍር የሚፈልግ 1 የሻይ ማንኪያ የበቆሎ ስታርች በቀዝቃዛ ወተት በጥብጦ በ4ኛው ደረጃ ይጨምራል።

አነስተኛ ካርቦሃይድሬት ያለው አማራጭ

ከላይ በተገለጸው አዘገጃጀት በአንድ ስኒ ውስጥ ወደ 28 ግራም ካርቦሃይድሬት ይገኛል። ከዚህ 12 ግራም የሚሆነው ከስኳሩ ሲሆን፣ ሌላ 12 ግራም ያህሉ ከራሱ ከወተቱ ይመጣል። ስለዚህ ስኳሩን መተው ብቻውን በቂ አይደለም፤ ወተቱም መቀነስ አለበት።

ለ2 ሰው 150 ሚሊ ሊትር ወተት፣ 250 ሚሊ ሊትር ውኃ፣ 4 የሾርባ ማንኪያ ክሬም እና 3 የሾርባ ማንኪያ ያልጣፈጠ ካካዎ ይወሰዳል። ክሬም ካልተገኘ የፈላ የላም ወተት ሲቀዘቅዝ ከላዩ የሚነሳው ስልባቦት ይተካዋል። አሠራሩ ተመሳሳይ ነው፤ ስታርች ግን አይገባበትም። የአንዱ ስኒ ካርቦሃይድሬት ወደ 9 ግራም ይወርዳል፤ ከዚህም የተወሰነው የካካዎው አሰር ነው። ምሬቱ ለሚከብደው ኮረሪማና ቀረፋ ያለዝቡታል፤ እንደ ስቴቪያ ያለ ማጣፈጫም በጥቂቱ መጠቀም ይቻላል።

ማርና ተምር ተፈጥሯዊ ቢሆኑም ስኳር ናቸው። 1 የሾርባ ማንኪያ ማር 17 ግራም ያህል ካርቦሃይድሬት ስላለው ከስኳሩም ይበልጣል።

ጥንቃቄ

ይህ አማራጭ መጠጥ እንጂ መድኃኒት አይደለም፤ የግመል ወተትም ቢሆን በሐኪም የታዘዘን መድኃኒት አይተካም። ኢንሱሊን ወይም ስኳር የሚያወርድ ክኒን የሚወስድ ሰው ላብ፣ መንቀጥቀጥና ማዞር ሲሰማው ስኳሩ ወርዶ ሊሆን ይችላል። በዚህ ጊዜ ያልጣፈጠው ስኒ አይረዳውም፤ በፍጥነት ስኳር ያለው ነገር መውሰድ አለበት። ራሱን ለሳተ ሰው ግን በአፍ ምንም ሳይሰጥ ወደ ጤና ተቋም ይወሰዳል።

የተረፈ ሆት ቸኮሌት በቆላው ሙቀት ከ1 ሰዓት በላይ ውጭ መቆየት የለበትም። ማቀዝቀዣ ባለበት ቤት ቀዝቅዞ በማግስቱ ሊጠጣ ይችላል፤ በበጋው ሐሩርም ከትኩሱ ይልቅ ይመረጣል።