በቆላማ አካባቢዎች የተሽከርካሪ ጎማን ዕድሜ ማራዘም

ከጎንደር ተነሥቶ በአዘዞና በአይከል በኩል ወደ ገንዳ ውሃ፣ ወደ መተማ ዮሐንስና ወደ ገለጉ የሚወርድ ተሽከርካሪ በአንድ ቀን ጉዞ ከቀዝቃዛ አየር ወደ ቆላ ሙቀት ይገባል። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር በማያንስ ከፍታ ላይ ስትገኝ፣ መተማ ዮሐንስ ያለችው በ700 ሜትር አካባቢ ነው። በመጋቢትና በሚያዝያ ወራት የቆላው የቀን ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊያልፍ ይችላል። በዚህ መስመር ለጎማ ዕድሜም ሆነ ለተሳፋሪ ደኅንነት ቀዳሚው ጉዳይ ትክክለኛ የአየር ግፊት ነው።

ሙቀት ጎማን የሚጎዳበት ምክንያት

አየር ያነሰው ጎማ በተሽከረከረ ቁጥር ጎኑ ከመጠን በላይ ይታጠፋል። መተጣጠፉ ከውስጥ ሙቀት ይፈጥራል፤ የአስፋልቱ ግለትም ይጨመርበታል። በዚህ ጊዜ የጎማው ንብርብሮች እየተላቀቁ ይሄዳሉ፤ በመጨረሻም ጎማው በጉዞ ላይ ሊፈነዳ ይችላል። ከመጠን በላይ ጭነትና ፍጥነትም ተመሳሳይ ጉዳት ያደርሳሉ። ስለዚህ በሰሊጥ ምርት ማጓጓዣ ወቅት በጎማው ጎን ላይ ከተመለከተው የመሸከም አቅም በላይ መጫን አይገባም።

የአየር ግፊት አለካክ

ግፊት የሚለካው ጎማው ሲቀዘቅዝ፣ ማለትም ተሽከርካሪው ቢያንስ ለ3 ሰዓት ከቆመ በኋላ፣ በተለይም በማለዳ ነው። ትክክለኛው መጠን በአሽከርካሪው በር ምሰሶ ላይ በተለጠፈው ሰሌዳ ወይም በተሽከርካሪው መመሪያ መጽሐፍ ይገኛል። በጎማው ጎን ላይ የተጻፈው ግን ጎማው ሊሸከም የሚችለው ከፍተኛው ግፊት ነው።

በአነስተኛ መኪና ጎማ ውስጥ ሙቀት በ10 ዲግሪ ሲጨምር ግፊቱ በ1.5 ፒ.ኤስ.አይ ገደማ ከፍ ይላል። በአንጻሩ ከጎንደር ወደ መተማ ሲወረድ የውጭው አየር ግፊት ስለሚጨምር የመለኪያው ንባብ በ2 ፒ.ኤስ.አይ ገደማ ዝቅ ይላል። በመሆኑም ጎንደር ላይ የተሞላ ጎማ ቆላ ከደረሰ በኋላ በማግስቱ ማለዳ እንደገና መለካት አለበት። ሲመለሱም እንዲሁ ይደረጋል።

ከጉዞ እንደደረሱ ግፊቱ ከፍ ብሎ ቢታይ አየር መቀነስ አይገባም። ከሞቀ ጎማ አየር የሚያስወጣ አሽከርካሪ በማግስቱ አየር ባነሰው ጎማ ጉዞ ይጀምራል። በሞቀበት ሰዓት ከሚገባው በታች የሚያነብ ጎማ ግን አየር የጎደለው ስለሆነ ወዲያውኑ ሊሞላና ሊመረመር ይገባል።

ጎማው የሚሰጣቸው ምልክቶች

• ሁለቱም ዳር ካለቀ፦ የአየር ማነስ።
• መሐሉ ካለቀ፦ የአየር መብዛት።
• አንዱ ዳር ብቻ ካለቀ፦ የእግሮቹ አሰላለፍ መዛባት።

የተበላውን ጎማ ከመቀየር በፊት መንሥኤውን ማስተካከል ያስፈልጋል፤ ያለበለዚያ አዲሱም በዚያው መንገድ ያልቃል። በየ10,000 ኪሎ ሜትሩ ገደማ የፊትና የኋላ ጎማዎችን ማቀያየር አበላሉን ያመጣጥናል። ወደ እርሻ ቦታ የሚገቡ ተሽከርካሪዎች ከመንገድ ሲመለሱ በጎማው ጥርስ ውስጥ የተሰካ የግራር እሾህን፣ በጥንድ ጎማዎች መካከል የተሰነቀረ ድንጋይንም ማስወገድ አለባቸው።

የምርት ዘመን

በጎማው ጎን ላይ ያሉት የመጨረሻ 4 አኃዞች የተመረተበትን ሳምንትና ዓመት ያሳያሉ። ለምሳሌ 2317 ማለት በ2017 በ23ኛው ሳምንት የተመረተ ማለት ነው። ዘመኑ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ስለሆነ፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የሚያነብ ገዢ ጎማውን ከእውነተኛ ዕድሜው በ7 ወይም በ8 ዓመት አሳንሶ ሊገምት ይችላል። ጎኑ የተሰነጣጠቀ ወይም ያበጠ፣ ወይም ጥርሱ እስከ ማለቂያ ምልክቱ የተበላ ጎማ ከአገልግሎት መውጣት ይኖርበታል። ትርፍ ጎማውም ሳይዘነጋ ከሌሎቹ ጋር አብሮ ሊለካ ይገባል።