የኅዳር 14 እና የኅዳር 15 አጥንቶች

ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ቅዳሜ ነበር። ያን ዕለት ማታ፣ ከልደታ ብዙም በማይርቀው የከርቸሌ ግቢ ውስጥ፣ ደርግ እስከ ዛሬ በጥቅሉ «ስልሳዎቹ» እያልን የምንጠራቸውን ሰዎች ያለ ፍርድ ረሸነ። ሁለት የቀድሞ ጠቅላይ ሚኒስትሮች፣ አክሊሉ ሀብተ ወልድና እንዳልካቸው መኮንን፣ ነበሩበት። ራስ አሥራተ ካሣና የንጉሠ ነገሥቱ የልጅ ልጅ እስክንድር ደስታም እንዲሁ። ጄኔራል አማን አንዶም እዚያው ዕለት እቤታቸው ሲዋጉ ተገድለው ከነሱ ጋር ተቆጠሩ። በማግስቱ፣ እሑድ ኅዳር 15፣ አፋር ውስጥ ሐዳር በሚባለው በረሃ ዶናልድ ጆሃንሰንና ቶም ግሬይ የተባሉ አሜሪካውያን አቧራ ላይ የወደቀች አንዲት የክንድ አጥንት ቁራጭ አዩ። ዛሬ ዓለም ሉሲ፣ እኛ ድንቅነሽ የምንላት ናት።

ይህን የቀን መገጣጠም ሳስበው ሁልጊዜ ይደንቀኛል። 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ አፈር የበላት ፍጡር ወዲያውኑ ስም ወጣላት፣ አጥንቷ አንድ በአንድ ተለቅሞ ተቆጠረ፣ ተለካ፣ በጥጥ ተጠቀለለ። ከአንድ ሌሊት በፊት የሞቱት፣ ስማቸው በሬዲዮ የተነበበው ሰዎች ግን ምልክት በሌለው ጉድጓድ ውስጥ 17 ዓመት ተኙ። አጥንታቸው ወጥቶ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ያረፈው ደርግ ከወደቀ በኋላ፣ በ1984 ዓ.ም. ነው። አገራችን የጥንት አጥንት በማንበብ በዓለም ከሚጠሩት ግንባር ቀደም ናት። የትናንቱን አጥንት ማንበብ ግን ዘግይተን፣ ያውም በባዕድ እጅ የጀመርነው ነገር ነው።

እኔ የልደታ ሰው ነኝ። ከርቸሌ በሰፈራችን አፍ «ዓለም በቃኝ» ነበር። በጣሊያን ወረራ ዘመን የታሰሩበት አባቶች፣ በደርግ ዘመን የታሰሩበት ልጆች፣ ሁሉም ስሙን ያለ ማብራሪያ ይረዱታል። ግንቡ ዛሬ የለም፤ ፈርሶ በቦታው በጥር 2004 ዓ.ም. የተመረቀው የአፍሪካ ኅብረት ሕንፃ ቆሟል። ለዚያ እስር ቤትና ለሌሎች የአህጉሩ ግፎች መታሰቢያ እንዲሠራ ኅብረቱ ወስኖ ጊዜያዊ የመታሰቢያ ሰሌዳ አኑሯል። ሰሌዳ ጥሩ ነው። ነገር ግን ከመሬቱ በታች ያለውን የሚያነበው ሰሌዳ ሳይሆን ሌላ ሙያ ነው፤ ዛሬ ላወራው የፈለግሁትም ስለዚያ ሙያ ነው።

ሰው ሲሞት አጥንቱ ወዲያው «አጥንት» አይሆንም። በሕይወት ያለ አጥንት እርጥብ ነው፤ ስብና ደም አለበት፣ ትንሽ ይታጠፋል። ከክብደቱ ሁለት ሦስተኛው ገደማ ካልሲየም ያለበት ማዕድን ነው፤ ቀሪው አብዛኛው ኮላጅን የሚባል ገመድ የመሰለ ነገር ነው። ማዕድኑ ጥንካሬውን፣ ኮላጅኑ መታጠፉን ይሰጡታል። ሥጋው ከለቀቀ በኋላ ባክቴሪያ ኮላጅኑን ይበላዋል፤ አጥንቱ ይደርቃል፣ ይቀልላል፣ እንደ ኖራ ይሰባበራል። አፈሩ አሲድ ከሆነ ደግሞ ማዕድኑም ይሟሟል፤ አንዳንድ ቦታ ከሰው የሚቀረው ጥርስና በአፈሩ ላይ የታተመ ጥላ ብቻ ነው። እኛ ጋ የታወቀው መረሬ፣ ጥቁሩ አፈር፣ የራሱ ጠባይ አለው፤ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፣ በዚህ መሃል የያዘውን ሁሉ ያንቀሳቅሳል። አንድን ጣት ከባለቤቱ እጅ ርቆ ስታገኙት ገዳዩን ብቻ አትጠርጥሩ፤ መረሬውንም ጠይቁት።

ከመሬት በላይ የቀረ አጥንት ደግሞ ሌላ መንገድ አለው። አና ቤረንስማየር የተባለች ተመራማሪ በጎረቤታችን ኬንያ፣ አምቦሴሊ ላይ የእንስሳት አጥንት ስታጠና ቆይታ እ.ኤ.አ. በ1978 ባወጣችው ጽሑፍ የፀሐይና የዝናብ ጉዳቱን ከዜሮ እስከ አምስት በደረጃ ከፈለችው። መጀመሪያ ቅባቱ ያለበት አዲስ አጥንት፣ ቀጥሎ በርዝመቱ የሚሄድ ስንጥቅ፣ ከዚያ መላላጥ፣ በመጨረሻም በእጅ ሲነኩት መፈራረስ። ዛሬ በየአገሩ ያሉ የወንጀል መርማሪዎች ይህን መሰላል ይጠቀሙበታል። የዛፍ ሥር አጥንት ላይ ትል የሄደበት የሚመስል መስመር ይጥላል፤ አይጥ በፊት ጥርሷ ጎን ለጎን የተደረደረ ጭረት ትተዋለች። ጅብ ደግሞ (አዲስ አበባ ላደገ ሰው ስለ ጅብ ማውራት አያስፈልግም) ከዳርና ዳር ያለውን ለስላሳ ጫፍ ቆርጥሞ መሃሉን ብቻ ቱቦ አድርጎ ይጥለዋል። ቀይ ሽብር ሬሳ መንገድ ዳር የጣለበት ዘመን ስለነበር ይህ ነገር ለእኛ የመማሪያ መጽሐፍ ጨዋታ ብቻ አይደለም።

የሙያው ዋና ጥያቄ ግን አንድ ነው። ይህ ስብራት የደረሰው ሰውዬው በሕይወት ሳለ ነው? በሚሞትበት ሰዓት? ወይስ ከሞተ ከዓመታት በኋላ? በሕይወት ሳለ የተሰበረ አጥንት የመዳን ምልክት ያሳያል፤ ጠርዙ ይለዝባል፣ አዲስ አጥንት ያበቅላል። በሞት ሰዓት የተሰበረው እንደ እርጥብ እንጨት ነው፤ ጠመም ብሎ፣ ስለታም ጠርዝ ይዞ፣ አንዳንዴም ስንጥሩ ሳይላቀቅ ተንጠልጥሎ ይቀራል። የደረቀው እንደ ሸክላ ነው፤ በቀጥታ ቅርፍ ይላል፣ የተሰበረበት ፊት ከሌላው ገጽ ይነጣል፣ ምክንያቱም የአፈሩ ቀለም ገና አልነካውም። የቆፋሪ አካፋ የሰበረውንና የጥይት ጉዳትን የሚለየው ይህ ነው። ቀላል ይመስላል። ግን ድንቅነሽን ተመልከቱ፦ እ.ኤ.አ. በ2016 ጆን ካፕልማን የተባለ የቴክሳስ ምሁር ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ የክንዷን ስብራት አይቶ «ከዛፍ ላይ ወድቃ ነው የሞተችው» አለ። ያገኛት ጆሃንሰን ራሱና ቲም ዋይት «ኧረ ይህ ከሞተች በኋላ የመሬት ክብደት የሠራው ነው» ብለው ተቃወሙት። ያው ቲም ዋይት በመካከለኛው አዋሽ በተገኘው የቦዶ ራስ ቅል ላይ፣ አጥንቱ ገና ለጋ ሳለ በድንጋይ የተላጨበትን ምልክት ያሳየ ሰው ነው። ሉሲ ላይ እንዲህ የሚከራከሩ ሊቃውንት ካሉ፣ ፍርድ ቤት ቆሞ «ይህ ሰው ተገድሏል» የሚል ባለሙያ ምን ያህል መጠንቀቅ እንዳለበት ገምቱ።

በ1984 ዓ.ም. የልዩ ዐቃቤ ሕግ ጽሕፈት ቤት በአዋጅ ሲቋቋም እንዲህ ያለ ባለሙያ በአገር ውስጥ አልነበረም። አዲስ አበባ ውስጥ ሬሳ የሚመረመረው በምኒልክ ሆስፒታል ነበር፤ እሱም የትኩስ ሬሳ ሥራ ነው። ስለዚህ የአርጀንቲና የፎረንሲክ አንትሮፖሎጂ ቡድን ተጠራ። እነዚህ ሰዎች በራሳቸው አገር ከ1976 እስከ 1983 እ.ኤ.አ. በገዛው የወታደር መንግሥት የጠፉ ወጣቶችን ፍለጋ ክላይድ ስኖው በተባለ አሜሪካዊ ሥር ሙያውን የተማሩ ናቸው። ወታደር ወጣት አፍኖ የሚሰውርበት አገር ልጆች፣ ወታደር ወጣት ወደ ገደለበት አገር መጡ። በ1986 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ቆፈሩ፤ ያገኙትንም በኋላ ፍርድ ቤት ቀርበው አስረዱ።

አቆፋፈራቸው ከቀባሪ አቆፋፈር ይለያል። አንዴ የተቆፈረ መሬት ደለሉ ተደባልቆ ዳግም እንደ ቀድሞው አይሆንም፤ ቀለሙም ጥንካሬውም ይለያል። የጉድጓዱን ጠርዝ የሚያገኙት በዚህ ነው። ከዚያ በትልቁ ሳይሆን በትንሽ መኮስተሪያና በብሩሽ። የጅምላ መቃብር ዳሩ ላይ ያለው ሬሳ ቶሎ ይበሰብሳል፣ መሃሉ ላይ ያለው ይዘገያል፤ ማን በማን ላይ እንደ ወደቀ ካልተሳለና ፎቶ ካልተነሣ፣ አጥንቱ ከወጣ በኋላ ያ ታሪክ የለም። በኤክስካቫተር የወጣ አፅም ግማሹን ምስክርነት እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ጥሎ የመጣ አፅም ነው። ሰፈራችን በ2000ዎቹ መጀመሪያ ፈርሶ ኮንዶሚኒየም ሲሠራበት የማሽኑን አካፋ እያየሁ ይህን ነገር አስብ ነበር።

ከተገኙት ሁሉ እኔን እስከ ዛሬ የሚከተለኝ አንድ ነገር ነው። ከአንገታቸው ላይ የናይሎን ገመድ ያልተፈታላቸው አፅሞች ወጡ። ሰው ታንቆ መሞቱን አጥንት ብቻውን ብዙ ጊዜ አይናገርም። ከምላስ ሥር የፈረስ ጫማ የምትመስል ትንሽ አጥንት አለች፤ ሰው ሲታነቅ የምትሰበር እሷ ናት። ግን ከታነቁት በብዙዎቹ አትሰበርም፤ በወጣቶች ደግሞ ክፍሎቿ ገና ስላልገጠሙ ትታጠፋለች እንጂ አትሰበርም። ማለትም ሟቹ ልጅ በሆነ ቁጥር አጥንቱ ዝም ይላል። የአበሻ ጥጥ ቢሆን ኖሮ፣ የእናት ፈትል ቢሆን ኖሮ፣ ገመዱ በሃያ ዓመት በስብሶ አፈር ይሆን ነበር። ገዳዮቹ ፋብሪካ የሠራውን ናይሎን ስለመረጡ ማስረጃው ቀረ።

ልጅ ስል ቃል ለማሳመር አይደለም። ዕድሜ በአጥንት ይነበባል። የረጃጅም አጥንቶች ጫፍ ከግንዱ ጋር የሚገጥመው በአሥራዎቹ ዕድሜ ውስጥ ነው፤ ከአንገት ሥር ከትከሻ ወደ ደረት የሚመጣው አጥንት ግን ደረት ጋ ያለው ጫፉ ከሁሉ ዘግይቶ፣ ሃያውን አልፎ ነው የሚዘጋው። ቁመት ከጭን አጥንት፣ ጾታ ከዳሌ ይታወቃል፤ የአዋቂ ወንድና ሴት ዳሌ አብዛኛውን ጊዜ አይዋሽም። ፖለቲካው፣ ኢሕአፓ ይሁን መኢሶን፣ አጥንት ላይ አይጻፍም።

ፍርዱም ተሰጠ። ታኅሣሥ 4 ቀን 1987 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለማርያምና የባለሥልጣኖቻቸው ችሎት ታኅሣሥ 3 ቀን 1999 ጥፋተኛ አላቸው፤ ግንቦት 18 ቀን 2000 ዓ.ም. ጠቅላይ ፍርድ ቤት የዕድሜ ልኩን ወደ ሞት ቀየረው። ሰውየው ዚምባብዌ ነበሩ። የሕጉ ጉዳይ እንዲህ አለቀ። የቤተሰቡ ግን አላለቀም።

ጎረቤታችን የነበሩ አንዲት እናት በ1970 ዓ.ም. የተወሰደ ልጅ ነበራቸው። የዚያን ዘመን ወግ ታስታውሳላችሁ፤ ማልቀስ ክልክል ነው፣ ሬሳ የተሰጠው የጥይት ዋጋ ይጠየቃል። እሳቸው ሬሳም አልተሰጣቸውም። አርባ አላወጡም፣ ተዝካር አልደገሱም፤ «ቢመጣስ?» ይሉ ነበር። አንድ ቀን «እማማ፣ ቢያንስ ጸሎተ ፍትሐት ያስደርጉለት» ብላቸው፣ «ልጄ፣ በቁሙ እንዴት አስፈታዋለሁ?» አሉኝ። ደርግ ከወደቀ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው ይህን ያሉኝ። ታዋቂዎቹ፣ እነ አቡነ ቴዎፍሎስ፣ እነ ቄስ ጉዲና ቱምሳ፣ በ1971 ዓ.ም. ክረምት ተገድለው ቆይተው አፅማቸው ተገኝቶ በክብር ተቀበረ። ንጉሠ ነገሥቱም ከቤተ መንግሥት ወለል ሥር ወጥተው፣ በበዓታ ዓመታት ቆይተው፣ ጥቅምት 26 ቀን 1993 ዓ.ም. ሥላሴ ገቡ። የእማማ ልጅ ግን ስም የሌለው ተማሪ ነበር።

መስቀል አደባባይ ጥግ በ2002 ዓ.ም. የተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ውስጥ ራስ ቅሎች በመስታወት ውስጥ ተደርድረዋል። ጎብኚ ያያቸዋል፣ ተማሪ ይማርባቸዋል። እኔ ግን እዚያ በቆምኩ ቁጥር «ይህ የማን ልጅ ነው?» ከሚለው ጥያቄ አላልፍም። አፈር ይቅለለው የምንል ሕዝብ፣ አፈሩን ነፍገን በመስታወት እናኖረዋለን? ሙዚየሙ ይዘጋ ማለቴ አይደለም፤ ያለ እሱ ብዙው ነገር ይረሳ ነበር። ስም ይፈለግላቸው ነው የምለው።

አርጀንቲኖቹ በመጡበት ጊዜ የዘረ መል ምርመራ ገና ዳዴ ይል ነበር። ግን በዚያው በ1994 እ.ኤ.አ. የሩሲያው ዛር ቤተሰብ አፅም ነገር ታትሞ ወጣ። ከ1918 ጀምሮ ጫካ ውስጥ ተቀብሮ የቆየው የንግሥት አሌክሳንድራ አጥንት የተለየው የእንግሊዟ ንግሥት ባለቤት ልዑል ፊሊፕ በሰጡት ደም ነው፤ በእናታቸው በኩል ይዛመዷታልና። ከእናት ብቻ የሚወረስ አንድ የዘር ቁራጭ አለ፣ በአጥንትና በጥርስ ውስጥ ከሌላው ይልቅ በብዛት ይገኛል፣ ረጅም ጊዜም ይቆያል። በእኛ ቋንቋ ዘር ሲጠራ «አጥንት መቁጠር» ይባል የለ? ይኸው ቃል በቃል ነው።

እርግጥ ነው፣ ሁሉም አጥንት አይናገርም፤ የታጠበው፣ ፀሐይ የመታው፣ ብዙ እጅ የነካው ያስቸግራል። ግን ደም የመስጠቱ ጉዳይ አይጠብቅም። ያን ጊዜ አርባ ዓመት የነበራቸው እናቶች ዛሬ ወይ የሉም ወይ ዘጠና ናቸው። እማማ ካረፉ ቆይተዋል፤ የተቀበሩትም እዚያው ልደታ ነው። አንድ ሴት ልጅ አለቻቸው፣ የዚያ ልጅ ታናሽ እህት፤ ከእናቷ የወረሰችው ከወንድሟ ጋር አንድ ነው። እህት ትበቃለች፣ የእህት ልጅም ትበቃለች። ጠይቄያታለሁ፣ ደሟን ለመስጠት ፈቃደኛ ናት። የት ሄዳ እንደምትሰጥ ግን እስካሁን የነገራት ሰው የለም።